ለቅሶው ወደ አውድማው የወጣበት ዕለት

ልጆቼ እኔ በሌለሁበት «አባ ሲናገር ይሰብካል፣ ዝም ሲል ይፈርዳል» እያሉ ይስቃሉ። ከበር ጀርባ ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ። ውሸት ነው አልልም። እንግዲህ ይህን የሚያወራችሁ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ከመጀመሪያው ዕወቁትና ስብከቱ ሲበዛባችሁ ታገሡኝ። የማወራው ግን ስላስተማርሁት ነገር አይደለም። አንድ ቀን ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ በሰው ሐዘን ላይ ተቀምጬ ስለተማርሁት ነው።

ነገሩ የሆነው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከገባ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ጥምቀት ባለፈ ማግስት በጥር ወር ነው። ያን ጊዜ እኔ ጎንደር አዲስ ዓለም ጨርቅ የምሸጥ፣ ጺሜ መሸበት የጀመረ ሰው ነበርሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። አባቴ ቶሎ ስለሞተ ሱቁን በልጅነቴ ተረከብሁ። ፊደልን ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ በጨርቅ ጥቅል ላይ ከሚለጠፈው ጽሑፍና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ራሴ ለራሴ አስተማርሁ። ማንንም «ይህ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ሙያ እቆጥረው ነበር። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ነው፤ ሰው አትለማመጡ፣ አታስቸግሩ፣ ራሳችሁ ድረሱበት እያልሁ።

የመጀመሪያ ልጄ ሐያት ራሷ ደርሳበት ሐኪም ሆነች። ከሆስፒታል ሥራዋ ጎን ለጎን፣ ዶክተር ይርጋ ከሚባሉ መምህሯ ጋር ስለ ካላዛር ምርምር ታካሂድ ነበር። የእኛ አገር ሰው ካላዛርን ያውቀዋል። ለማያውቀው፣ የደጋ ገበሬ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ሲወርድ ከትንኝ የምታንስ ዝንብ ነድፋው ይዞት የሚመለሰው በሽታ ነው። ሰውየው ያተኩሰዋል፣ ይከሳል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ካልታከመ ይሞታል። ታክሞ ከዳነ በኋላም በአንዳንዱ ላይ ይመለሳል። ሐያትና መምህሯ ያጠኑት ይህን ነበር፤ በሽታው በማን ላይ ይመለሳል፣ ቀድሞስ በምን ይታወቃል የሚለውን።

ለጥናቱ ገንዘብ የሰጠው አንድ የውጭ አገር መንግሥት ነው። ጥናቱ አልቆ ተጻፈና በባሕር ማዶ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ሐያት አንድ ቅጂ አመጣችልኝ። ወረቀቱ እንደ ሐር ያንሸራትታል። ሱቄ ውስጥ ባለው የመስታወት ሳጥን፣ ከሻሾቹ አጠገብ ዘርግቼ አስቀመጥሁት። ደንበኛ ሁሉ እያየ «ማሻ አላህ» ይላል፤ አንድም ያነበበው ሰው ግን የለም። እኔም ብሆን ሁለተኛውን አንቀጽ መሻገር አቅቶኝ ነበር። ለሐያት አልነገርኋትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐያት ሱቅ መጣች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ጥቅል ጨርቅ ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው፣ ሰው የሞተብሽ ትመስያለሽ» አልኋት።

«የዶክተር ይርጋ እናት ሞቱ።»

አፌ ላይ እንደመጣልኝ ነበር የተናገርሁት፤ ደነገጥሁ። «መቼ?»

«ዛሬ ጧት ተቀበሩ። አገራቸው ከዳባት ወዲያ ነው። እኔ ተረኛ ስለነበርሁ መሄድ አልቻልሁም። ግን አባ፣ ሌላም ነገር አለ።»

ሌላው ነገር እንዲህ ነው። ገንዘቡን የሰጠው መንግሥት ሕግ አለው። በእሱ ገንዘብ የተሠራ የሕክምና ጥናት ሁሉ፣ ማንም ሰው ሳይከፍል የሚያነበው የኢንተርኔት ማኅደር ውስጥ መግባት አለበት። የእነ ሐያት ጽሑፍ አልገባም።

«መጽሔት ላይ ወጥቶ የለም እንዴ?» አልኋት።

«መጽሔቱን የሚያነበው የከፈለ ነው። የእኛ ሆስፒታል እንኳ አልከፈለም።»

«ታዲያ የደከማችሁበትን ለምን በነጻ ትሰጣላችሁ? እኔ ይህን ጨርቅ ለመንገደኛ ሁሉ እየቀደድሁ ላድል?»

«ጨርቁን የገዛኸው አንተ ነህ። ጥናቱን የገዛው ግን የዚያ አገር ግብር ከፋይ ነው። ለማንበብ እንደገና ይክፈል ትላለህ?»

እዚህ ላይ ያዘችኝ። እኔ ግብሬን በጊዜው የምከፍል ሰው ነኝ። ከፍዬም ዝም አልልም፤ መንገዱ ለምን አልተጠገነም ብዬ ቀበሌ ድረስ ሄጄ የምቆጣ እኔው ነኝ። ግብር ከፋይ ሲባል ወገኔ የተጠራ ይመስለኛል።

«እሺ፣ አስገቡት ታዲያ።»

«አስገብቼው ነበር። መለሱት።» በአገጯ ወደ መስታወቱ ሳጥን አመለከተች። «የላክሁት ያንን ያማረውን ነበር። ለካ ያማረው ገጽ የመጽሔቱ ንብረት ነው። እነሱ የሚፈልጉት እኛ የጻፍነውን፣ ገምጋሚዎች አይተውት ከታረመ በኋላ ተቀባይነት ያገኘውን ተራ ረቂቅ ነው። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁም። ግን ለሰው አገር እንዴት ያልተኳለ ነገር ይላካል ብዬ አፈርሁ።»

አልፈረድሁባትም። እንግዳ ሲመጣ ያደፈ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ጎንደሬ አይቼ አላውቅም።

«አሁን ረቂቁን ልኬዋለሁ» አለች። «የቀረው አንድ ነገር ነው። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ይርጋ ናቸው። እሳቸው በራሳቸው የይለፍ ቃል ገብተው “አይቼዋለሁ፣ ለሕዝብ ይከፈት” ማለት አለባቸው። የመጨረሻው ቀን ነገ ነው። ነገ ሳይሉ ከቀሩ የሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ይያዛል።»

«ቢያዝስ?»

«የካላዛር ክፍሉ ምርመራ የሚሠራው በዚያ ገንዘብ ነው። የነርሶቹም ደመወዝ። ሰሊጥ አጫጆቹ ደግሞ ከቆላ የሚመለሱት አሁን ነው፣ አባ።»

«ደውዪላቸዋ።»

«ስልካቸው ዝግ ነው። ቢከፈትስ፣ እናቱን ዛሬ የቀበረን ሰው “ኮምፒውተር ላይ አንዲት ነገር ይጫኑልኝ” ልበለው? ባልደረቦቻችን ቀብር ሄደው ነበር። ሁሉም ሊነግሯቸው አስበው ነው የሄዱት። ሁሉም አፍረው ተመለሱ።»

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አልሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ምንም እንዳትናገር ቃል ግባልኝ።»

«እኔ የምሄደው ለቅሶ ልደርስ ነው።»

«ቃል ግባ፣ አባ።»

ገባሁ።

በማግስቱ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርን። ኮሶዬን ስናልፍ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጉልበቴን ያዘው። ሐያት ላፕቶፑን የያዘውን ቦርሳ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። አጠገባችን የተቀመጠ ገበሬ ቦርሳውን አየት አድርጎ «እኅቴ፣ እንቁላል ነው?» አላት። «የባሰ ነው፣ ወንድሜ» አለችው።

ከዳባት በእግራችን ነው የሄድነው። ጊዜው የውቂያ ነው። በየማሳው ዳር ገብስ ተከምሯል፤ በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ። ዶክተር ይርጋ የተወለዱበት መንደር ከሁለት ኮረብታ መካከል ጎድጓዳ ቦታ ላይ ያለ ነው። ድንኳኑን ገና ከሩቅ አየነው። ሐያት ነጠላዋን አስተካክላ አለቀሰች፤ እኔም እንደ ወጉ አንገቴን ደፍቼ «ፈጣሪ ያጽናችሁ» እያልሁ ገባሁ። ሰዎቹ ከወንበር ተነሥተው ተቀበሉን። እስላም መሆናችንን አይተው አንዲት ሴት ጠጋ ብላ «ንፍሮ ነው ያለው፣ አያ፤ ሥጋ ያልነካው» አለችኝ። መረቅሁና ተቀበልሁ።

ዶክተር ይርጋን ቀድሞ የማውቃቸው በሆስፒታሉ ኮሪደር ነጭ ካፖርታቸውን እያውለበለቡ ሲቆጡ ነው። አሁን ከድንኳኑ ጥግ ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢ አልብሰዋቸዋል፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። ውኃ ሊያነሡ ሲሉ ሌላ ሰው አንሥቶ ያቀርብላቸዋል። ሊነሡ ሲሉ «አረፍ በል፣ ተቀመጥ» ይባላሉ። ከጎናቸው የተቀመጡት ሽማግሌ አያ ዘውዴ የሟቿ ወንድም ናቸው። ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ከትናንት ጀምሮ እንባ አልወጣውም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ቃልም አልተናገረ። የተማረ ሰው ሐዘን እንዲህ ነው መሰል።»

ተቀመጥን። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ሐያት ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሁለቱንም ጊዜ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተወችው። ፀሐይዋ ከድንኳኑ አንድ ጎን ወደ ሌላው ስታልፍ አየሁ። እኔም ቃሌን ጠብቄ ንፍሮዬን እቅማለሁ። ውስጤ ግን ይቆጣል። እዚያ ጎንደር አንድ ክፍል ሊዘጋ ነው፤ እዚህ አንዲት ነገር የሚጫን ጣት በጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ በመካከሉ ያለው የእኛ እፍረት ብቻ ነው።

በዚህ መካከል አንድ ረጅም፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ጎልማሳ ከወንዶቹ ረድፍ ተነሥቶ ወደ ሐያት መጣ። ጎንበስ ብሎ አያት።

«ዶክተርዬ፣ አወቅሽኝ?»

ሐያት ግራ ገባት። «ይቅርታ፣ ወንድሜ…»

«አታውቂኝም። ያን ጊዜ ሆድ ነበረኝ።»

ትንሽ አሰበችና ፊቷ ተፈታ። «ሙጬ! አንተ ነህ? ሆድህን የት ጣልኸው?»

«እናንተው ወሰዳችሁት እንጂ።»

ጥቂት ሰዎች ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሐዘን ቤት እንዲህ ዓይነት ሳቅ ይፈቀዳል። ሙጬ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከቆላ ታሞ መጥቶ፣ እነ ሐያት አክመው ካዳኗቸውና ለጥናቱ ደም ከሰጧቸው አንዱ ነው።

«ሲያሻሽ እያስጠራሽኝ ደሜን ወሰድሽ» አለ። «እኔም አልከለከልሁ፤ ሸጋ ነገር ነው ብዬ። አሁን ግን ልጠይቅሽ። ደሜ ምን አለ?»

«ብዙ ነገር ነገረን። ተጽፏል፣ ሙጬ።»

«የት?»

«መጽሔት ላይ።»

«እንግዲያው ጤና ጣቢያችን ያለው ልጅ አላየውማ። ባለፈው የአክስቴ ልጅ እንደ እኔው ታክሞ ድኖ ሳለ ትኩሳቱ ሲመለስበት፣ ልጁ ወባ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ ሰደደው። ኋላ እናንተ ዘንድ በቃሬዛ ነው ያደረስነው። ያ ልጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደግሞም አንባቢ ነው። ምነው አላየው?»

ሐያት የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ገና አልተከፈተም» አለች በቀጭን ድምፅ። «ለማንበብ ይከፈልበታል።»

«በእኔ ደም?»

ይህን ያለው በቁጣ አይደለም። እንደ ተራ ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ መልስ እየጠበቀ። ሐያት አንገቷን ደፋች። እኔ ደግሞ ቃሌን ያፈረስሁት እዚህ ላይ ነው።

«መክፈቻው ዶክተር ይርጋ እጅ ነው» አልሁ ጮክ ብዬ። «የመጨረሻው ቀንም ዛሬ ነው።»

አሁን ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ግን በድንኳኑ ያለው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አያ ዘውዴ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተጫኑ።

«አንቱ ሰው» አሉኝ፤ «የሞተችው እኅቴ ናት። አፈሩ ገና አልደረቀ። የመንግሥት ሥራ ነው ወይ ይዘውብን የመጡት?»

ትክክል ነኝ ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ በዚያች ደቂቃ ግን ትክክል መሆኔ ምንም አላሞቀኝም። ሐያት በዓይኗ እንኳ አላየችኝም።

ያን ጊዜ ከጋቢው ውስጥ ድምፅ መጣ።

«ሐያት፣ ረቂቁን ልከሽዋል?»

ዶክተር ይርጋ ናቸው። ሁሉም ዞረ።

«ልኬዋለሁ፣ ዶክተር። ይቅርታ ያድርጉልን፣ እኛ…»

«ጧት ከነቃሁ ጀምሮ ቀኑን እያሰብሁት ነው» አሉ። «ትናንት ባልደረቦቻችን ሲመጡ ያነሡታል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አላነሣው። እኔ እንዳላነሣው፣ ወገኔ ምን ይለኛል? የእናቱ አስከሬን ሳይቀዘቅዝ ዓይኑ ቢሮ ላይ ነው ይለኛል። አንቺ ስትመጪ ደግሞ ደስ አለኝ፤ አንቺም ዝም አልሽ።»

አያችሁ? እኛ ለእሳቸው አፍረን ዝም ብለናል፤ እሳቸው ለወገናቸው አፍረው ዝም ብለዋል። ማንም ሳይከለክለን፣ ሁላችንም ደግ ሰዎች ሆነን፣ ጉዳዩ በመካከላችን ሊሞት ነበር።

ዶክተር ይርጋ ወደ አጎታቸው ዞሩ። «አያ፣ ይህ ወንድሜን የገደለው በሽታ ነው።»

አያ ዘውዴ ምርኩዛቸውን ለቀቅ አደረጉ። «ያ… ከመተማ ሲመለስ የሞተው?»

«እሱው። እማዬ “የልጄን ገዳይ ፈልግልኝ” ብላ ነው ይህን ሥራ የያዝሁት። ፈልገን ያገኘነውን ጻፍነው። አሁን “ለሁሉም ይታይ” ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ጥቂት ደቂቃ ነው።»

«እንግዲያው በል! ማን ከለከለህ?»

«እዚህ ኔትወርክ የለም።»

«የት ነው ያለው?»

ሙጬ ነው የመለሰው። «ከላይ፣ ከአውድማው ላይ ይይዛል። እኔም ከዚያ ነው የምደውል።»

አዲስ ችግር መጣ። ሐዘንተኛ ሠልስት ሳይደርስ ከድንኳን ወጥቶ አይሄድም፤ ሠልስቱ ደግሞ ነገ ነው። አንዲት አሮጊት «የሰው ልጅ እናቱን ከነለቀስተኛዋ ጥሎ ኮረብታ ይወጣል?» አሉ። ሌላው «ቶሎ ይመለሳል» አለ። «ቶሎም ቢመለስ ጥሎ መሄድ ነው» አለ ሦስተኛው። ዶክተር ይርጋ ሽማግሌውን ያያሉ። እኚያ በሆስፒታሉ ሁሉን የሚያዙ ሰው እዚያ ልጅ ነበሩ፤ ፈቃድ የሚጠብቅ ልጅ።

አያ ዘውዴ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ጥሎን አይሄድም» አሉ። «አብረነው እንሄዳለን። ለቅሶው እኛ ካለንበት ነው። ተነሡ።»

እናም ተነሣን። ይህን ያላየ ሰው ያምነኛል አልልም። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሎች፣ በመካከላቸው ዶክተር ይርጋ፣ ከጎናቸው ላፕቶፕ ያቀፈች ልጄ፣ ከኋላ እኔ፣ በቀጭኗ መንገድ ኮረብታውን ወጣን። አውድማው ላይ ገብስ ሲወቁ የነበሩት ሰዎች ሲያዩን ሌላ ሰው ሞቶ መስሏቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ሙጬ ሮጦ ሄዶ ነገራቸው። በሬዎቹን ፈተው ቦታ ለቀቁልን።

ለቀስተኛው ገለባው ላይ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ሐያት ስልኳን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘች። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ያዘ?» አሉ አያ ዘውዴ።

«ገና ነው።»

«ነፋሱ ወደ ዳባት ነው የሚነፍሰው፤ ወደዚያ አዙሪው» አለ አንዱ ወቂ። የኔትወርክ ምሰሶው በዚያ በኩል ስለሆነ ወይም እንዲያው በአጋጣሚ፣ ስታዞረው ገጹ ግማሹ መጣ። ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደሩ የኔትወርክ አዋቂ ተብሏል አሉ።

የዐስር ሶላት ሰዓት ደረሰ። ፈንጠር ብዬ ንጹሕ ገለባ ላይ ሰገድሁ። ስመለስ ገጹ ተከፍቶ ዶክተር ይርጋ የይለፍ ቃላቸውን አስገብተዋል። ሐያት «ከታች ያለችውን ይጫኗት፣ ዶክተር፤ በቃ» አለቻቸው።

«ሳላነብ?»

«ባትሪው እኮ…»

«ስሜ ያለበትን ነገር ሳላነብ አልለቅም።»

ያነቡ ጀመር። ሐያት ባትሪውን እያየች ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ሙጬ ከትከሻቸው በላይ አጮልቆ «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለ። እኔ አሁን ይቆጡታል ስል፣ ዶክተር ይርጋ ዘወር ብለው በአማርኛ ይነግሩት ጀመር። ስም እንደማይጻፍ፣ ግን እዚህ መስመር ላይ ከተቆጠሩት ሰዎች አንዱ እሱ መሆኑን፤ ከሕክምናው በኋላ ያበጠው ጣፊያው ወደ ልኩ ሳይመለስ የቀረ ሰው ትኩሳት ሲመጣበት ወባ ነው ብሎ ከመስደድ በፊት እንደገና መመርመር እንዳለበት። ሰዉ ሁሉ ጠጋ አለ። ወቂዎቹም መንሻቸውን ተደግፈው ይሰማሉ። ሱቄ ውስጥ ከመስታወት ሥር ያስቀመጥሁት ያ የሚያንሸራትት ወረቀት የሚናገረው ይህን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ እኔም ያን ጊዜ ነው።

መጨረሻው ላይ ለታማሚዎቹ የተጻፈ ምስጋና ነበር። እሱንም በአማርኛ አነበቡት። ከዚያ ተጫኑ። በገጹ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ዞረች፣ ዞረች፤ ቆመች። ሐያት ጽሑፉን አየችና በረጅሙ ተነፈሰች።

«አለቀ?» አሉ አያ ዘውዴ።

«አለቀ።»

«አሁን የጤና ጣቢያው ልጅ ያነበዋል?»

«ማኅደሩ አጣርቶ ሲያወጣው ያነበዋል። ማንም ሰው ያነበዋል።»

«ሳይከፍል?»

«ሳይከፍል፣ አያ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዶክተር ይርጋ ላፕቶፑን ቀስ ብለው ከደኑና ለሐያት ሰጧት። እጃቸው ባዶ ሲሆን፣ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «እማዬ» አሉ። አንዲት ቃል ናት። ከትናንት ጀምሮ ያልወጣው እንባ እዚያ ወጣ። ሴቶቹ ተነሡ፤ ሙሾው ከአውድማው ላይ ተጀመረና ያ ሁሉ ሰው እያለቀሰ ኮረብታውን ወረደ። እኔም አለቀስሁ። ሴትዮዋን በሕይወታቸው አይቻቸው አላውቅም።

ከመሰነባበታችን በፊት ዶክተር ይርጋ እጄን ይዘው ሌላ ሰው በማይሰማበት ነገሩኝ። «ትናንትና ዛሬ ሰው ሁሉ ሥራ ሁሉ ከእጄ ሲቀበለኝ ዋለ። እርስዎ ብቻ ነዎት አንድ ነገር እንድሠራ የጠየቁኝ። አላህ ይስጥልኝ።» እኔ ተግሣጽ ጠብቄ ነበር።

በሚኒባሱ ስንመለስ ሐያት «ቃልህን አፈረስህ» አለችኝ።

«አፈረስሁ።»

«ዳግመኛ እንዳታፈርስ።» ጥቂት ቆይታ ደግሞ «ባታፈርስ ኖሮ ግን አልምርህም ነበር» አለች።

አሁን፣ አንባቢዎቼ፣ ስብከቴን ስሙኝ፤ አጭር ነው። ይሉኝታ ያሳደገን ሰዎች ነን፤ እሱን አልሰድብም። ሐዘንተኛን ማክበር ደግ ነው። ግን አክብሮት ብለን የምንጠራው ነገር አንዳንዴ ሰውን ከነሕይወቱ መቅበር ነው። «አሁን አይችልም» ብለን በእሱ ፋንታ እንወስናለን፤ እሱ ደግሞ ቢጠይቁኝ እያለ ይቀመጣል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐዘን ቤት ስሄድ ሐዘንተኛው ሊሠራው የሚችል አንዳች ነገር ካለ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል። ብዙው ግን ቀና ይላል።

ለተማራችሁት ደግሞ ሌላ ቃል አለኝ። ከሰው ደም ወስዳችሁ ያገኛችሁትን፣ ያ ሰው ወይም ሐኪሙ ሊያነበው በማይችልበት ቦታ አትተዉት። ሕግ ቢያዛችሁም ባያዛችሁም። ያልተኳለው ረቂቅ ይበቃል። ሰው የሚድነው በገጹ ማማር አይደለም።

እኔም ብዙ ተለውጫለሁ ብዬ አልዋሽም። ዛሬም እቆጣለሁ፣ ዛሬም እሰብካለሁ። ግን መጠየቅ ጀምሬያለሁ። ልጆቼ ሲያወሩ የማላውቀው ነገር ሲመጣ «እሱ ምንድን ነው?» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ የምፈትናቸው እየመሰላቸው ይደነግጡ ነበር፤ አሁን ለምደውታል።

የካላዛር ክፍሉ ሥራውን ቀጠለ። ክረምቱ ሳይገባ አንድ እሑድ ሐያት ቤት ሳለች ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ሙጬ ያነሣው ያ የጤና ጣቢያ ልጅ፣ የጤና መኮንኑ፣ ነበር። ጽሑፉን በስልኩ ላይ አውጥቶ እስከ መጨረሻው አንብቦታል። ታማሚው ካላዛርና ወባ አንድ ላይ የያዙት እንደሆነስ፣ በጽሑፉ ላይ ስለ ጣፊያው ያላችሁት ምልክት ያኔም ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቃት። ሐያትም እየሳቀች «አላውቅም፣ ወንድሜ። እሱን አላየነውም» አለችው።

ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ያበራል።

«ምን ሆነሽ?» አልኋት። «አላውቅም ብለሽ ደግሞ ትስቂያለሽ?»

«አባ፣ አነበበው እኮ» አለችኝ። «አንብቦ የጎደለንን አገኘው። ለዶክተር ይርጋ ልደውልላቸው፤ ቀጥሎ የምናጠናውን አውቀነዋል።»